እርጥበቱ ስንት ደረሰ?

አሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ የሚሄዱ አያቶች ስለ በረዶው በደንብ ተመክረው ነው የሚሄዱት። ወፍራም ካፖርት፣ የሱፍ ካልሲ፣ የአንገት ልብስ ይሸከፋል። በሐምሌ፣ ውጪው በወበቅ ታፍኖ ሳለ ቤት ውስጥ ጋቢ ደርቦ መቀመጥ እንደሚመጣ የሚነግር ግን የለም። ለአዲስ አበባ ሰው ሐምሌና ጋቢ አብሮ አደግ ናቸው። ሜሪላንድ ላይ ሐምሌ የሙቀት ወር ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከወለሉና ከጣሪያው የአየር ቀዳዳ ነው።

ባለፈው ዓመት ከግንቦት እስከ ኅዳር መጀመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ልጄ ቤት ነበርኩ። ልጄ ነርስ ናት፤ ሌሊት ትሠራለች። ባለቤቷ ሳይነጋ ይወጣል። የአምስት ዓመት ልጃቸውን የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልግ ነበርና ሄድኩ። ልጁ አስም አለበት። የእኔ መኝታ ቤዝመንት ውስጥ፣ ማለትም ከምድር በታች ባለው የቤቱ ክፍል ነበር። እዚያ አገር እንግዳ የሚያድርበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ልጄ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞስታት 68 ፋራናይት ላይ ታስቀምጠዋለች። ይህ በእኛ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሲሰሙት ብርድ አይመስልም። ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል። ላይኛው ቤት 20 ሲሆን ቤዝመንቱ 18 ነው፤ ግድግዳው አፈር ውስጥ ስለሆነም ፀሐይ አያውቀውም። በዚያ ላይ ከኤሲው የሚመጣው አየር ከአናት በላይ ሲነፍስ ይውላል። ቀድሞ የነገረኝ ጉልበቴ ነው።

«ልጄ፣ ይህን ነገር ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ» አልኳት ሰኔ ሲገባ።

«እማዬ፣ ሙቀቱን ከፍ ካደረግሁት ልጁ ሲያስል ያድራል» አለችኝ።

የልጁ ሐኪም በግልጽ ነግረዋታል፤ የቤቱ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ይሁን ብለው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሻጋታ ነው። ሁለተኛው በፍራሽ፣ በትራስና በምንጣፍ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ናቸው። እነዚህ ተባዮች ውኃ አይጠጡም፤ የሚኖሩት ከአየሩ እርጥበት እየሳቡ ነው። አየሩ ሲረጥብ ይራባሉ፤ ሲደርቅ ያልቃሉ። አስም ያለባቸውን ብዙ ልጆች የሚያስለው ከእነርሱ የሚወጣው ብናኝ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ለማንኛውም ቤት የሚመክረው እርጥበቱ ከ60 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል በ30 እና በ50 መካከል እንዲሆን ነው።

ልጄ በእጇ የነበረው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ኤሲው። ኤሲ አየሩን የሚያደርቀው ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ በሚያልብበት መንገድ ነው። የቤቱ አየር በማሽኑ ውስጥ ባለው ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያልፍ በውስጡ ያለው እንፋሎት ጠብታ ይሆንና በቱቦ ይወርዳል። ነገር ግን ይህ ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብረቱ ይረጥባል እንጂ ውኃው አይወርድም። ቤቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ኤሲው ቶሎ ከጠፋ አየሩ ቀዝቃዛም እርጥብም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ልጄ ቤቱን የምታበርደው ሙቀት ጠልታ አልነበረም። ኤሲው ረጅም ሰዓት እየሠራ አየሩን እንዲያደርቅላት ነው።

የፊዚክስ መምህር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ነገሩ ገባኝ። አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 30 ዲግሪ ላይ እስከ 30 ግራም የሚደርስ ውኃ በእንፋሎት መልክ መሸከም ይችላል። 20 ዲግሪ ላይ ግን 17 ግራም ገደማ ሲሞላ ጠገበ ማለት ነው። በመቶኛ የሚነገረው የእርጥበት ቁጥር አየሩ ከሚችለው ሸክም ምን ያህሉን እንደተሸከመ ነው የሚናገረው። ውኃው ሳይወጣለት የቀዘቀዘ አየር ሸክሙ ያው ሆኖ አቅሙ ያንሳል፤ ቁጥሩም ሽቅብ ይወጣል። ለእኛ እናቶች ጠዋት መስኮት ከፍቶ ቤት ማናፈስ ጽዳት ነው። አዲስ አበባ ላይ ልክ ነው፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያለ ቀዝቃዛ አየር ብዙ ውኃ አይሸከምም። በሐምሌ ሜሪላንድ ላይ የቤዝመንት መስኮት መክፈት ግን ወበቁን ጠርቶ እቤት ማስገባት ነው። ያ ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውኃውን እዚያው ያራግፋል።

ሰኔ ላይ ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ውጪው ስለቀዘቀዘ ኤሲው የሚሠራው ሥራ አጣ። ግድግዳው ላይ ያለው የእርጥበት ቁጥር 66 ደረሰ። እኔ በርዶኛል፤ ልጁም ያስላል። ሌሊት ሳሉን ከቤዝመንት ሆኜ ስሰማው፣ የበረደኝ ለምንም እንዳልሆነ አሰብኩ። በነጋታው ልጄ ቁጥሩን ወደ 66 ፋራናይት ዝቅ አደረገችው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ «ቲኬቴን አስቀይሩልኝ» አልኳቸው። ለቁጣ አልነበረም። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ እያለኝ ነበር፤ ደረጃ የማትወጣ አያት ደግሞ ልጅ አትጠብቅም፣ ትጠበቃለች እንጂ። ልጄ ምንም አልመለሰችም። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከሄድኩ ለሌሊት ሥራዋ የሚሆን ሞግዚት ከየት እንደምታመጣ፣ በምንስ እንደምትከፍል ሁላችንም እናውቃለን። ሙቀቱን ከፍ ካደረገች ደግሞ የልጇ ትንፋሽ አለ። እናቷንና ልጇን በአንድ ቁጥር ላይ አስቀምጣ ምረጪ የተባለች ያህል ነበር።

በሳምንቱ ባለቤቷ የቤት ማቀዝቀዣና ማሞቂያ የሚሠራ አንድ የአገራችንን ልጅ ጠራ። ወጣቱ ቤዝመንት ወርዶ ቱቦውን፣ ማሽኑን፣ ግድግዳውን አየ። እኔን በጋቢ ተጠቅልዬ ሲያየኝ ሳቀና «እናቴ፣ እዚህ ቤት ብርዱ የራሱን ሥራ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ የሌላም ሥራ ተሸክሟል» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በነገራችን ላይ፣ ኤሲ ራሱ የተወለደው ከእርጥበት ጋር በተደረገ ትግል ነው። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሥርዓት የነደፈው ብሩክሊን ውስጥ ለነበረ ማተሚያ ቤት ነው። የማተሚያ ቤቱ ችግር እርጥበት ነበር። ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ሲሰፋና ሲጠብ ቀለሞቹ በትክክል አንዱ በሌላው ላይ ማረፍ አቃታቸው። ማቀዝቀዙ ለሰው ምቾት የዋለው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣቱ ያመጣው መፍትሔ ሁለቱን ሥራዎች ለሁለት ማሽን ማካፈል ነው። ኤሲው ያቀዝቅዝ፤ ለማድረቁ ሌላ ማሽን ይግባ። ይህ ለሙሉ ቤት የሚሆን እርጥበት መጣጭ ማሽን፣ እነርሱ ዲሂዩሚዲፋየር የሚሉት፣ ቤዝመንት ውስጥ ከማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣል። የቤቱን አየር በቱቦ ስቦ፣ ውኃውን ነጥቆ፣ ደረቁን አየር መልሶ በቤቱ ቱቦ ወደየክፍሉ ይልካል። የእነርሱ ማሽን በቀን እስከ 33 ሊትር ገደማ ማውጣት የሚችል ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ሌላውን ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ውኃው በቀጭን ቱቦ ወለሉ ላይ ወዳለው መውረጃ ስለሚሄድ ባልዲ የሚያፈስ ሰው አያስፈልግም። ሲሠራ ደግሞ የሚያወጣው አየር ትንሽ ሞቅ ያለ ነው። ለእኔ ይህ ምርቃት ነበር።

ማሽኑን መግጠም ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ከቴርሞስታቱ ጋር ማነጋገር ነው። ስማርት የሚባሉት ቴርሞስታቶች ሙቀትን ብቻ ሳይሆን እርጥበትንም ይለካሉ። ሁሉም ግን እርጥበት መጣጭ ማዘዝ አይችሉም። የሚችሉት ለተጨማሪ መሣሪያ የሚሆን የሽቦ መያዣ አላቸው። በአንዳንድ የኢኮቢ ዓይነቶች ላይ ኤሲሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው፤ በኔስት ለርኒንግ ላይ የኮከብ ምልክት ያለበት። ወጣቱ ከዚያ መያዣ እስከ ማሽኑ ቀጭን ሽቦ ዘረጋ። በዚህ ሽቦ የሚሄደው አነስተኛው የ24 ቮልት ኃይል ነው። ከዚያ በቴርሞስታቱ ላይ «አዲስ መሣሪያ አለ፤ እሱም እርጥበት መጣጭ ነው» ብሎ አስመዘገበው። ከዚህ በኋላ ግድግዳው ላይ ሁለት ትእዛዝ ሆነ፤ አንዱ የሙቀት፣ አንዱ የእርጥበት።

ቀጥሎ ያደረጋቸው ማስተካከያዎች ከማሽኑ እኩል ዋጋ ነበራቸው። እርጥበቱን 48 በመቶ ላይ አስቀመጠው፤ ማሽኑ በየደቂቃው እንዳይበራና እንዳይጠፋ ትንሽ ከፍና ዝቅ ማለት ተፈቀደለት። ሙቀቱን ወደ 75 ፋራናይት፣ በእኛ ወደ 24 ዲግሪ ግድም አወጣው። በአንዳንድ ቴርሞስታቶች ውስጥ እርጥበት ለመቀነስ ሲባል ከታዘዘው ሙቀት በታች እንዲያቀዘቅዝ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። አሁን ለማድረቁ ራሱን የቻለ ማሽን ስላለ ያንን አጠፋው። የኤሲውንም ፋን ሁልጊዜ ከመሥራት ወደ አውቶ መለሰው። ኤሲው ቆሞ ፋኑ ብቻ ሲሠራ ቀዝቃዛው ብረት ላይ የቀረውን ውኃ እያነሳ ወደ ቤት ይመልሰዋልና። የማሽኑም የራሱ መቆጣጠሪያ ከቴርሞስታቱ ጋር እንዳይጋጭ አዛዡ አንድ ብቻ እንዲሆን አደረገ።

እኔ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ይህ ቴርሞስታት ያለው ላይኛው ኮሪደር ላይ ነው። ቤዝመንቱን በምን ያውቃል?» አልኩት። አያውቅም። በየክፍሉ የሚቀመጡት ተጨማሪ መለኪያዎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀትንና ሰው መኖሩን እንጂ እርጥበትን አይለኩም። ስለዚህ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ላይኛው 49 ሲል የእኔው 56 ይል ነበር። ወጣቱ ስልክ ተደውሎለት መጥቶ ወደ ቤዝመንት የሚሄደውን ደረቅ አየር ጨመረልን፤ ቁጥሮቹም ተቀራረቡ። ልጁ እኔ ክፍል ወለሉ ላይ ነው የሚጫወተው፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ኮሪደሩ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን የሚተነፍሰው ነው።

ጋቢዬን በሁለተኛው ሳምንት አጥፌ አስቀመጥኩት። 24 ዲግሪ ላይ አየሩ ደረቅ ሲሆን አይወብቅም፤ ሰው ላቡ ስለሚደርቅለት አይጨንቀውም። ልጄም ባለቤቷም ሳይሞቃቸው ተኙ። የልጁ ሳል በአንድ ሌሊት አልጠፋም። መድኃኒቱና በአፍ የሚነፋው መርጫ እንደነበሩ ናቸው፤ ማሽን ሐኪም አይተካም። በመስከረም ግን ሳሉ እየራቀ ሄዶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳልነቃ ያደርኩባቸው ቀናት በዙ። ስለ ቲኬቱም የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ቴርሞስታቱ ከስልክ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ልጄ ከሥራ ቦታዋ ሆና ቤቱን ታየዋለች። እርጥበቱ ከ60 ሲያልፍ ስልኳ ላይ መልእክት ይመጣል። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ 61 ሆኗል። ማሽኑ ሳይበላሽ አልቀረም፤ እስቲ እይልኝ።»

ተነስቼ ሄድኩ። ማሽኑ በርትቶ ይሠራል፤ ውኃውም ይወርዳል። ወደ ጓሮ የሚያወጣው የቤዝመንት በር ግን አልተቀረቀረም፤ ነፋሱ ገፍቶ ገርበብ አድርጎታል። ውጪው ዝናብ ነው። ዘጋሁት። ሲነጋ ቁጥሩ 50 ገብቷል። ያን ሌሊት ለልጄ «ስልክሽ ቁጥሩን ያያል እንጂ በሩን አያይም» አልኳት። በማግስቱ ያንን መተግበሪያ እኔም ስልክ ላይ ጫነችልኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ከሆስፒታል፣ እኔ ከቤት፣ አንድ ቁጥር እያየን ነው የምንነጋገረው። ለካ አያት ቤቱ ውስጥ ስትኖር አንዱ የሚቸግራት፣ የማታውቀው ነገር በማታየው እጅ ሲታዘዝ ማየት ነው። ለምን እንደበራና ለምን እንደጠፋ ካወቀች ግን ራሷ ጠባቂው ትሆናለች።

እንጀራ የምንጋግርበት ቀን ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። ምጣዱ ከተጣደ ቁጥሩ ከ48 ተነስቶ 57 ይደርሳል። የምድጃውን አየር መሳቢያ ስናበራ መለስ ይላል። ልጁ ይህን እንደ ጨዋታ ያዘው። ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ቆሞ ቁጥሩን ያነብልኛል፤ በእንግሊዝኛ ካነበበው አልሰማሁም እለዋለሁ። እናቱ ሁለት ዓመት ሙሉ አማርኛ ቁጥር ልታስቆጥረው ሞክራ ከአሥር አላለፈም ነበር። በጥቅምት አርባን፣ ሃምሳን፣ ስድሳን ጨርሶ ያውቃል። ሰባን የማያውቀው ቤቱ 70 ገብቶ ስለማያውቅ ነው።

ይህን የምጽፈው ልጆቻችሁ ጋር ለመሄድ ለምትዘጋጁና ልጆቻችሁ እዚያ ለሚኖሩ ነው። ለሙሉ ቤት የሚሆነው ማሽን ከነመግጠሚያው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል፤ ለሁሉም አይሆንም። እርጥበቱ ቤዝመንት ብቻ ከሆነ በመቶዎች ዶላር የሚገዛ፣ ወለል ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ሊበቃ ይችላል፤ ቱቦው መውረጃ ላይ ካልደረሰ ግን ባልዲው መፍሰስ አለበት። ማንኛውም ከመገዛቱ በፊት ውኃ ከውጪ የሚገባበት ስንጥቅ፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ ግድግዳው ሥር የሚያቁር የዝናብ ውኃ መኖሩ ይታይ። ማሽን የሚያፈስ ጣሪያ አይደፍንም። ከተገጠመም በኋላ ፊልተሩ በጊዜው መጽዳት፣ የውኃው ቱቦ አለመደፈኑ መታየት አለበት። ይህ ደግሞ ቀን ቤት የሚውል ሰው ሥራ ነው። የአየር መውጫውን በነጠላ ወይም በካርቶን መድፈን ግን አይበጅም፤ ብርዱን ወደ ሌላ ክፍል ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ለማሽኑም ጥሩ አይደለም። ከመድፈን ይልቅ «የቤቱ እርጥበት ስንት ነው? ብርዱ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያን ጊዜ ንግግሩ ከ«እማዬ ብርድ አትችልም» ወደ ቁጥር ይዞራል፤ ቁጥር ደግሞ አይቀየምም።

ኅዳር ልገባ ስል ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ማሞቂያው ሲጀምር አየሩ ደርቆ ቁጥሩ ከ35 በታች ወረደ፤ እርጥበት መጣጩም ያለ ሥራ ተቀመጠ። ክረምት ላይ እዚያ አገር ችግሩ የሚሰነጠቅ ከንፈርና የሚደርቅ ጉሮሮ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስንደዋወል ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው «እርጥበቱ ስንት ደረሰ?» ብዬ ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ ኮሪደሩ ድረስ ሲሮጥ እሰማለሁ፤ ትንፋሹንም አዳምጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ «ሠላሳ አንድ፣ እማማ!» አለኝ።

«ከንፈርህን ቫዝሊን ቀባ አድርግ» አልኩት።